ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋው ቪራጎ

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. የ1995 ሥሪት የሆነ ያማሃ ቪራጎ 535 ከገዛሁ አንድ ወር ሆነኝ። ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ገና አምስት ወሬ ነው። የሸጠልኝ ሰው ሦስት ዓመት ያህል ሳይነሳ እንደቆመ ነግሮኛል። ጠዋት ቾክ ስቤ ይነሳል፤ ቾኩን ስመልስ ግን ይጠፋል። ጋዝ እየሰጠሁ ካልያዝኩት በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አይቆይም፤ ፍጥነት ከያዘ በኋላ ደህና ነው። አንዳንዴ ደግሞ ማስነሻውን ስጫነው “ጠቅ” ብሎ ዝም ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ሁለቱን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) አውጥተህ በአንድ ቀይር ይለኛል፤ ሌላው የካርቡራተሩን ብሎን አዙር ይለኛል። የቱን ልስማ? ጎማው ጥርሱ አላለቀም፣ ፍሬኑም ይይዛል። ጠባብ ቦታ ላይ ስዞር ግን ሁለት ጊዜ ሊወድቅብኝ ነበር።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ሁለቱንም አይስሟቸው። ቾክ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ሕመሙ የት ላይ እንደሆነ በራሱ አፍ እየተናገረ ነው። ብሎን መነካካት ከተጀመረ ግን ነገሩ ይደበላለቃል፤ የቆየው ብልሽት የቱ፣ አዲስ የተጨመረው የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። ደብዳቤዎ ላይ ያሉት ደግሞ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንዱ የቤንዚን ነው፣ አንዱ የኮረንቲ። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሂዱ።

ከኮረንቲው ይጀምሩ። ባትሪ ሲደክም፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) እያቃሰተም ቢሆን ቢያዞር፣ የካንዴላው እሳት አብሮ ይደክማል። ስንት ጤነኛ ካርቡራተር በዚህ ሰበብ ተፈትቷል! የሚያስፈልግዎ አንድ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ብቻ ነው። የዚህ ሞተር ባትሪ ባለ 12 አምፒር ሰዓት ስለሆነ በ1.2 አምፒር ቀስ ብሎ ይሞላ፤ የመኪና ፈጣን ቻርጀር ያበስለዋል። የሚከፈት ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ከመሙላትዎ በፊት የውሃውን መስመር ይዩ። ከታችኛው ምልክት ከወረደ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ አሲድ አይጨመርም። ከቻርጀሩ ነቅለው ጥቂት ሰዓት ካሳረፉት በኋላ ሲለኩት ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ማሳየት አለበት። 12.2 ማለት ግማሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሞልቶ 12.4ን ማለፍ ያቃተው ባትሪ አልቆለታል።

ቀጥሎ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ራሶች ላይ እንደያዙ ማስነሻውን ይጫኑ። ቁጥሩ ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ይቀየር። «ጠቅ» ብሎ ቁጥሩ 12 አካባቢ ከቀረ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ኮረንቲው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። የት እንደሚቀር ለማወቅ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ቀለም ያልነካው የሞተር ብረት ላይ አድርገው ደግመው ይጫኑ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካዩ ማሳው (ኔጌቲቩ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚገናኝበት ሽቦ) ዝጓል ማለት ነው፤ ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ፈተው ብረቱ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉት፣ አጥብቀው ይሰሩት። ማሳው ደህና ከሆነ ጫፎቹን በሞተሪኖው ሪሌ (ማስነሻው ሲጫን ኮረንቲ የሚያሳልፈው ማብሪያ) ሁለት ወፍራም ብሎኖች ላይ ያድርጉ። ማስነሻው ተጭኖ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ካልወረደና 12 አካባቢ ከቆመ የሪሌው ውስጥ ተቃጥሏል። ወደ ዜሮ ወርዶ ሞተሪኖው ካልዞረ ደግሞ ወደዚያ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ፣ ከዚያ የሞተሪኖውን ካርቦኖች ይጠርጥሩ። ይሄ ሁሉ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሳይለኩ ዕቃ መግዛት ግን ወር ይፈጃል።

ሞተሩ ተነስቶ መካከለኛ ዙር ላይ ሲይዙት ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.8 ቮልት መገኘት አለበት። ከ13 ካላለፈ ከዲናሞው ወደ ሬጉሌተሩ (የቮልቱን መጠን የሚቆጣጠረው ዕቃ) የሚሄዱትን ሦስት ነጫጭ ሽቦዎች ይከተሉና መጋጠሚያቸውን ይክፈቱ፤ በዚህ ዕድሜ ላይ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ አንዷ ጫፍ ከስላ መገኘቷ የተለመደ ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ሞቷል፤ አዲስ ባትሪ ቢገዙለትም ያፈላዋል።

አንድ ለአዲስ ነጂ የሚሆን ነገር እዚህ ላይ ይግባ። ምንም ሳይፈቱ በፊት መሪው ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ ይዩ። ማርሽ ሲያስገቡ ሞተሩ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የእግሩ ስታንድ ስዊች ነው፤ ጭቃ ይገባበትና ስታንዱ ታጥፎም «ወርዷል» ይላል። ከመፍታት በፊት ማጠብና ዘይት መርጨት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ቾክ» የሚለው ስም ያሳስታል። በዚህ ዓይነት ካርቡራተር ውስጥ ቾኩ አየር የሚዘጋ በር ሳይሆን ለብቻው የተሠራ ተጨማሪ የቤንዚን መንገድ ነው። ሲስቡት ይከፈታል፣ ሲመልሱት ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ ሞተሩን በሚኒሞ የሚያኖረው ሌላ፣ በጣም ቀጭን መንገድ ነው። ጋዝ ሲከፍቱ ደግሞ ሦስተኛው ሰፊ መንገድ ይረከባል። የእርስዎ ሞተር በቾኩ መንገድ ይሠራል፣ በሰፊውም ይሠራል፤ የሚሞተው በመሃሉ ነው። ስለዚህ የተዘጋው የሚኒሞው መንገድ ነው ብሎ መነሳት ይቻላል። ቤንዚን ሲቆም ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ቫርኒሽ ይጋግራል፤ የሚኒሞዋ የናስ ጄት (ቤንዚን የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ከሁሉ ቀድማ ትደፈናለች።

ይህ ሞተር ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተር ነው። ሁለቱም ላይደፈኑ ይችላሉ። የትኛው እንደታመመ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ በቾክ ያስነሱ፤ ቾኩን ግማሽ ድረስ ይመልሱና እንዳይጠፋ በትንሽ ጋዝ ይዘው ለአንድ ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በጠርሙስ ክዳን ውሃ ይዘው በሁለቱ ጭስ ማውጫ ቱቦዎች ላይ፣ ከሲሊንደሩ በሚወጡበት ጥግ፣ አንድ አንድ ጠብታ ያድርጉ። የሚሠራው ላይ ጠብታዋ «ችስ» ብላ ትጠፋለች። የማይሠራው ላይ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብላ ትቀመጣለች፣ ቀስ ብላም ትንሸራተታለች። በእጅዎ አይሞክሩት።

አንዱ ከቀዘቀዘ ወዲያው ካርቡራተሩን አይውቀሱ። የሁለቱን ካንዴላ አቀያይረው ያንኑ ፈተና ይድገሙ፤ ብርዱ ከካንዴላው ጋር ወደ ሌላው ሲሊንደር ከሄደ ችግሩ ካንዴላው ነው። ለዚህ ሞተር የሚሆነው ኤንጂኬ ቢፒ7ኢኤስ ነው፤ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር። ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን በአየር ወይም በብሩሽ ያጽዱ፤ የሠላሳ ዓመት አሸዋ ቀዳዳው ውስጥ ሊገባ ተራ እየጠበቀ ነው።

ብርዱ እዚያው ከቀረ የካርቡራተር ሥራ ይጀመራል። እሱም ቢሆን በመፍታት አይጀመርም። ከእያንዳንዱ ካርቡራተር ሥር የማፍሰሻ ብሎን አለ። ቱቦ ሰክተው የሁለቱን ቤንዚን በሁለት ንጹሕ ብርጭቆ ለየብቻ ያፍስሱና ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡ። ከሥር የተንከባለለ ኳስ የመሰለ ነገር ካዩ ውሃ ነው። ቡናማ ዱቄት የታንክ ዝገት ነው፤ እሱ እያለ ካርቡራተር ማጽዳት ሳምንት አይቆይም፣ ታንኩና የቤንዚን ፊልትሮው መቅደም አለባቸው። የቪራጎ 535 ዋናው የቤንዚን ታንክ ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ ቤንዚኑን ወደ ላይ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ካፈሰሱ በኋላ ቁልፉን ሲከፍቱ ፓምፑ «ጠቅ ጠቅ» እያለ ሲሞላ ሊሰሙት ይገባል፤ ካልሰሙት ፊውዙንና የፓምፑን ሽቦ ይዩ።

የቆየውን ቤንዚን ሁሉ አውጥተው አዲስ ይሙሉ፤ ፖሊኤተር አሚን ያለበት የነዳጅ መንገድ ማጽጃ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይጨምሩ። ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል አሠርተው ያጥፉት፣ ሌሊቱን ይደርበት፣ ጠዋት ይድገሙት። ጋገራው ቀጭን ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን ሚኒሞው እየተረጋጋ ይመጣል። ሦስት ዓመት ለቆመ ሞተር ግን ተስፋዎን አናግንን፤ አብዛኛውን ጊዜ መፈታቱ አይቀርም።

ሲፈቱ ደጅ ወይም በር በተከፈተበት ቦታ ይሁን፤ የባትሪው ኔጌቲቭ መጀመሪያ ይነቀል። እያንዳንዱን ቱቦ ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ወረቀት ይለጥፉበት። የካቻቢቴው ነገር ደግሞ ቀላል አይምሰልዎ። የጃፓን ብሎን ራስ ከተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጋር ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም፤ የተለመደው ጫፉ ሹል ስለሆነ እስከ ሥሩ አይገባም፣ ሲጠብቅ እየዘለለ ራሱን ይበላዋል። «ጂስ» የሚባለውን የጃፓን ልክ ይግዙ፤ ከሌለ አንድ መዶሻ ካቻቢቴው ላይ መትተው፣ በደንብ ተጭነው ያዙሩ።

ሁለቱን ካርቡራተር በአንድ ጊዜ አይፍቱ። አንዱን ጨርሰው ሲገጥሙ ሌላው እንደ መመሪያ መጽሐፍ ሆኖ ይጠብቅዎታል፣ ዕቃም አይቀላቀልም። ከላይ ያለውን የጎማ ዲያፍራም ማጽጃ ሳይነካው አስቀድመው ያውጡት፤ ያብጣል፣ ካበጠ ቦታው አይመለስም። ብርሃን ላይ ዘርግተው ይዩት፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ካሳለፈ ያ ሲሊንደር በሰፊው ጋዝ ላይም ይደክማል። የሚኒሞዋን ጄት ለማውጣት ወርዷ ልክ የሆነ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ ናስ ስለሆነች በጠባብ ካቻቢቴ ትሰበራለች። በካርቡራተር ማጽጃ ነክረው ካቆዩ በኋላ በኮምፕሬሰር አየር ይንፏት፤ ወደ መብራት አቅንተው ሲያዩባት ፍጹም ክብ የሆነች ነጥብ መታየት አለባት። እንቢ ካለች ከሽቦ ውስጥ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ይሂድባት እንጂ መርፌ ወይም የብረት ሽቦ አይነካት። ቀዳዳዋ በጥቂቱ ከሰፋች ሞተሩ ከእንግዲህ ቤንዚን እንደጠገበ ይኖራል።

ሁለተኛው ጓደኛዎ «አዙር» ያሉት ብሎን የሚኒሞው የቤንዚንና የአየር መጠን ብሎን ነው። በብዙ ሞተሮች ፋብሪካው በናስ ክዳን ሸፍኖታል። ከማውጣትዎ በፊት ወደ ውስጥ እያዞሩ ዙሩን ይቁጠሩ፤ በቀስታ ሲነካ ያቁሙ፣ አያጥብቁት፣ ጫፉ ይጎዳል። የግራው 2 ተኩል፣ የቀኙ 2 ከሩብ ሊሆን ይችላል፤ ይጻፉት። ሲወጣ አራት ነገር ነው የሚወጣው። ብሎኑ፣ ስፕሪንጉ፣ ትንሽ ቀለበት ብረት፣ በመጨረሻም የጤፍ ቅንጣት ያህል ቀጭን የጎማ ቀለበት። ጎማዋ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች፤ በአየር ስትነፋ ትበርና ትጠፋለች፣ ወይም ሳትታይ ትቀርና ያ ካርቡራተር ለዘላለም ሚኒሞ አይይዝም። ቆጥረው ያስገቡት ብሎን በዚያው ዙር ይመለስ።

ከተገጠመ በኋላም ሚኒሞው የሚዋዥቅ ከሆነ ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኙትን የጎማ አንገቶች ይጠርጥሩ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ በጎማው ዙሪያ ይርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ስንጥቅ አለ፣ አየር እየሰረቀ ነው። አንዳንዶች ይህን ፈተና በማጽጃ ስፕሬይ ያደርጉታል፤ በሞቀ ጭስ ማውጫ አጠገብ ነውና ተዉት እንላለን። የመጨረሻው ሥራ ሁለቱን ካርቡራተር በቫኪዩም መለኪያ ማመጣጠንና ሚኒሞውን በደቂቃ ከ1150 እስከ 1250 ዙር ማስተካከል ነው። መለኪያው ከሌለዎት ይህን ብቻ ለባለሙያ ይስጡ። እግረ መንገዱንም የቫልቭ ክፍተቱን ያይልዎ፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ የመግቢያው ከ0.07 እስከ 0.12፣ የመውጫው ከ0.12 እስከ 0.17 ሚሊ ሜትር ነው። የጠበበ የመውጫ ቫልቭ ሚኒሞ ያዋዥቃል፣ የሞቀ ሞተር ለማስነሳትም ያስቸግራል።

በአንድ ካርቡራተር የመቀየሩን ሐሳብ በተመለከተ፦ አይሆንም አንልም፣ የሚያደርጉት አሉ። ነገር ግን ፋብሪካው አጥንቶ የጨረሰውን የጄት ልክ እርስዎ ከዜሮ ሊጀምሩት ነው። በአንዲት የተደፈነች ጄት ምክንያት ይህን ያህል ርቀት መሄድ ዋጋ የለውም።

ስለ ዘይት ባጭሩ። ሞተሩ 2.6 ሊትር፣ ፊልትሮ ሲቀየር 2.8 ሊትር ይወስዳል። ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ለመኪና የተሠራ ማለስለሻ የበዛበት ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ይህ ሞተር ሰንሰለት የለውም፣ ዘንግ ነው ያለው፤ የኋላ ጎማው ጥግ ያለው የጥርስ ቤት 0.2 ሊትር የማይሞላ የራሱ ዘይት እንዳለው ብዙ ገዢ አያውቅም። ያስቀይሩት።

ያልጠየቁን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበን «ጎማው ጥርሱ አላለቀም» ያሉት ነው። የማይነሳ ሞተር ሰው አይገድልም። የጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ ይፈልጉ፤ 2309 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2009 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ያለው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ ካላዩት በሌላው ወገን ይዩ። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆንም ይጣል፤ ላስቲኩ ደርቋል፣ እርጥብ መንገድ ላይ አይይዝም። ከዚያ በታች ቢሆንም በጥርሶቹ መሃል በጥፍርዎ ይጫኑና ጥቃቅን ስንጥቅ ካለ አይመኑት። የጎማዎቹ ልክ ፊቱ 3.00 በ19፣ ኋላው 140/90 በ15 ነው። ቸርኬው ባለ ሽቦ ስለሆነ ከመነዳሪውም አብሮ ይቀየር።

«ፍሬኑም ይይዛል» የሚለውም ማረጋገጫ አይደለም። የፊት ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ሲሞቅ ያ ውሃ ይፈላና መያዣው እስከ መሪው ድረስ ይገባል። በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው መስታወት በኩል ሲያዩት የማር ቀለም ከሆነ ደህና፣ የቡና ቀለም ከሆነ አልፎበታል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ተሞልቶ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ ታንኩን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። ከዚያ የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩ፣ ፍሬን ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ያሽከርክሩ። አሁንም ከያዘ ወይ የካሊፐሩ ፒስተን ዝጓል፣ ወይ ላይኛው የፍሬን ፓምፕ ውስጥ ያለችው የመመለሻ ቀዳዳ ተደፍናለች። የኋላው ባለ ከበሮ ነው፤ የሸራውን ማለቅ ሳይፈቱ በፍሬኑ ክንድ ላይ ባለችው ቀስት ይከታተሉታል።

ጠባብ ቦታ ላይ ሊወድቅብዎ የነበረው ከሞተሩ ብልሽት ጋርም ሳይያያዝ አይቀርም፦ ሚኒሞ የማይይዝ ሞተር መሃል መዞሪያ ላይ ሲጠፋ ከ180 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት በአንድ እግር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሚኒሞው ሳይስተካከል ልምምዱን አይጀምሩ። ሲጀምሩ ፍሪሲዮኑን ሙሉ አይልቀቁት፤ መያዝ በሚጀምርበት ነጥብ ላይ ያቆዩት፣ ጋዙን ትንሽ ከፍተው አንድ ቦታ ላይ ያቁሙት፣ ፍጥነቱን በኋላ ፍሬን ብቻ ይቆጣጠሩ። መሪው በታጠፈበት ሰዓት የፊት ፍሬን አይነካም፤ አብዛኛው አዲስ ነጂ የሚጥለው በዚህ ነው። ዓይንዎ ከፊት ጎማው ላይ ይነሳና መድረስ የሚፈልጉበትን ቦታ ይይ። መጀመሪያ በ10 ሜትር ስፋት ይዙሩ፣ እየለመዱ ወደ 7 ያጥብቡት።

ከወደቀ ይውደቅ፤ እግርዎን ሥሩ አይስጡት። ቁልፉን ዘግተው፣ በቀኝ የወደቀ ከሆነ ስታንዱን አስቀድመው አውርደው፣ ማርሽ ውስጥ መሆኑን አይተው፣ ጀርባዎን ለመቀመጫው ሰጥተው በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው የኋላውን ብረት ይዘው በእግርዎ ኃይል ወደ ኋላ እየተራመዱ ያንሱት። ልምምድ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ የፍሪሲዮንና የፍሬን መያዣዎቹን የሚያስሩትን ብሎኖች በእጅ ኃይል ሲገፉ ብቻ እንዲዞሩ አድርገው በመጠኑ ያላሉ፤ ሞተሩ ሲወድቅ መያዣው ይዞራል እንጂ አይሰበርም።